ከባሕር ዛፉ ማዶ ያለው ማማ

ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ክንዱ፤

ካሉበት አገር እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዬ ድንገት ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ፤ የሞተ ሰው የለም። እኔ የአክስትዎ ልጅ የሆኑት የመሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ልጅ ፅጌ ማርያም ነኝ። እርስዎ እኛ ቤት ተቀምጠው ከአባቴ ዜማ ሲማሩ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ አሉ። ማጅራት ገትር ይዞኝ ጆሮዬ የተደፈነውም በዚያው ዓመት ነው። መደወል ስለማልችል ኢሜይልዎን ከዘመድ ጠይቄ ጻፍሁ።

በከተማው መስማት ለተሳናቸው ልጆች የምልክት ቋንቋ ሳስተምር ስድስት ዓመት ሠራሁ። ባለፈው ኅዳር አባቴ ከማኅሌት ሲመለሱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አሁን በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ይደርሳሉ። ከእኔ ሌላ የሚያነሣቸው ስለሌለ ሥራዬን ትቼ ቤት ገባሁ።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ አንድ የወላጆች ማኅበር ሌላ ሥራ አቀረበልኝ። ከእንፍራንዝ እስከ ጢስ ዓባይ መስማት የማይችሉ ልጆች ያሏቸው አሥራ ስምንት ቤተሰቦች አሉ። ልጁ በጣቱ ይጠቁማል፣ እናትና አባት ይገምታሉ፤ ኑሯቸው ይኸው ነው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ወላጆቹንም ልጆቹንም በቪዲዮ ላስተምር ነው። ግን ሙከራ አለው። ከሰኔ 16 ጀምሮ ሠላሳ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። በእኔ መስመር ምክንያት ከሦስት በላይ ከተቋረጠ ሥራው አዲስ አበባ ላለች መምህርት ይሰጣል።

በስልኬ ሞከርሁት። ጽሑፍ ያልፋል፣ የእጅ ንግግር ግን ይቆራረጣል። የፋይበር መስመር ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል ከተባለ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ገመድ አልባ የቤት ኢንተርኔት የሚሉት መጥቷል፤ ጣሪያ ላይ አንቴና ይተከላል፣ ቤት ውስጥ ነጭ ሳጥን ይቀመጣል። እርስዎ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት እንደ ኖሩ ሰማሁ። ያዋጣል? ሰው እንጀራ ሊበላበት ይችላል? እንዳላዝን ብለው ሳይሆን የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ፅጌ ማርያም


ማውን፣ ቦትስዋና
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅጌ ማርያም፤

እንዴት ከርመሻል? የኔታስ እንዴት ናቸው? ስብራቱ ይሽርላቸው፤ ቀሪውን ዘመን በጤና ያቆይልን። ስምሽን ሳየው መንደሩ ሁሉ ትዝ አለኝ። አንቺን በጀርባዬ አዝዬ ዓባይ ዳር ወስጄሻለሁ፤ አታስታውሺውም።

የጠየቅሽኝን በቀጥታ ልመልስልሽ። አትመኚው። እኔ እዚህ ረግረግ ውስጥ ላሉ ክሊኒኮችና እንግዳ ማረፊያዎች ገመድ አልባ መስመር እተክላለሁ። ዝሆን ጀርባውን ሲያክክ ምሰሶዬን ገንድሶታል፤ እሱን አንቺ ዘንድ አልፈራም። የምፈራው ሌላውን ነው። መስመሩን የሚያሠራጨውን አንዱን ማማ ሰፈሩ ሁሉ ይካፈለዋል፤ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ፍጥነቱ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑም አብሮ ይጠፋል። ደግሞ ሻጩ የሚነግርሽ ፍጥነት የመቀበያውን ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው መቀበያው ይበቃዋል፤ አንቺ ግን አስተማሪ ነሽ፣ የምትፈልጊው መላኪያውን ነው። እሱን ሲጠየቁ ወዲያ ወዲያ ይላሉ።

ምክሬ፦ የኔታን ይዘሽ ፋይበር የደረሰበት ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራዪ። ለመሆኑ ስለዚህ ሥራሽ ምን አሉሽ?

አጎትሽ ክንዱ


ሰባታሚት
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ። አባቴ ደኅና ናቸው። ከተማ መግባቱ አልሆነም።

ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ ገዛሁት። ሰውዬው አንቴናውን ጣሪያችን ላይ አስሮ፣ ሳጥኑን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሄደ። የመላኪያው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ጽፌ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ስለዚህ በራሴ መንገድ ለካሁት።

እኛ ፊደል በእጃችን ስንጽፍ የእጁ ቅርጽ «ለ» መሆኑን ይናገራል፤ እጁ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ደግሞ ለ ይሁን ሉ፣ ሊ ይሁን ላ ይለያል። ቪዲዮ ሲቆራረጥ ቅርጹ ይደርሳል፣ እንቅስቃሴው ግን መንገድ ይቀራል። «በላ» ብዬ የላክሁት «ብሉ» ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችውን ጓደኛዬን ሊድያን በቪዲዮ ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ሰባት ዘራቸው በእጄ አወረድሁላት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ናቸው። እሷ ያየችውን ትጽፋለች።

በስልኬ መስመር ባለፈው ወር መቶ አርባውን ብቻ ነበር ያገኘችው። በአዲሱ መስመር ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኙን አገኘች! የቀሩትን ሁለቱንም «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፣ ቡና እየጠጣሁ ነበር» ብላኛለች። ጋሽ ክንዱ፣ እጄ ሳይቆረጥ ከሰባታሚት አዲስ አበባ ሲደርስ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ዞርሁ።

ፅጌ ማርያም


ማውን
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፅጌ ልጄ፤

አልተቆጣሁም። እንዲያውም በዚህ ሁሉ ዓመት መስመር ስለካ በፊደል ዘር የለካ ሰው አይቼ አላውቅም። ለባልደረቦቼ ነገርኋቸው፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቆይተው እንዴት እንደለካሽው ጠየቁኝ።

ግን ደስታሽን ሳላደፈርስ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ የለካሽው በስንት ሰዓት ነው? ማታም ሞክሪው። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? ለፀሐይ መብራት የሚሸጡትን ዓይነት ባትሪ ፈልጊ። ሦስተኛውና የሚያሳስበኝ፣ አንቴናሽ ባለበት ቆመሽ ወደ ማማው ስታዪ መካከል ላይ ምን አለ? የለካሽው በበጋ ነው። ሙከራሽ ደግሞ በክረምት ነው።

ስለ የኔታ ጠይቄሽ «ደኅና ናቸው» ብቻ አልሽኝ።

ክንዱ


ማውን
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፅጌ፣ ደብዳቤዬ አልደረሰሽም? ትንሣኤም አለፈ፣ መልስ የለም። ቢያንስ በጤና መኖራችሁን በአንድ መስመር አሳውቂኝ። ጥያቄዬ አስቀይሞሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።

ክንዱ


ሰባታሚት
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ክንዱ፤

ሰላምታዬን ሳላሳምር በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ሰኞ ጀመርሁ፤ ቀኑ ብራ ነበር፣ አሥራ ስምንቱም ቤተሰብ ገባ፣ ሁሉም መልካም ሆነ። ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። በዐሥረኛው ደቂቃ የወላጆቹ ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጠፉ። ዛሬ ዓርብም እንዲሁ። ከሦስቱ ሁለቱ አለቁብኝ ማለት ነው። ገና ሃያ ሰባት ክፍል አለ፣ ክረምቱም ገና መግባቱ ነው።

መካከል ላይ ምን አለ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የጎረቤታችን የገድሉ ባሕር ዛፍ ነው። በበጋ መስመሩ በቅጠሉ መካከል ያልፍ ነበር፤ አውቄ ዝም አልሁ። ከማማው የሚለየን እሱ ብቻ ነው።

ስለ አባቴም ጠይቀውኝ ዘለልሁት። ልንገርዎ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔና አባቴ የምንነጋገረው በብጣሽ ወረቀት ነው። ስንት ደቀ መዝሙር በድምፅ ያሠለጠኑ ሰው አንዲት ልጃቸው መስማት አልቻለችም፤ ሐዘናቸው ይገባኛል። ግን እጄን አይወዱትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ «በሰው ፊት እጅሽን አታወራጪ» ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ፊት በእጄ ተናግሬ አላውቅም። ከተማ እንግባ ብዬ ስጽፍላቸው «ከደብሬ አታርቂኝ። አንቺ ከፈለግሽ ሂጂ» ብለው መለሱልኝ። እንዴት ትቻቸው እሄዳለሁ? አሁን ሳስተምር በመካከላችን መጋረጃ አለ። አልጋቸው ከመጋረጃው ወዲያ ነው።

ሥራው ከሄደ ደግሞ የምጎዳው እኔ ብቻ አይደለሁም። አዲስ አበባ ያለችው መምህርት ጎበዝ ናት፤ ግን ስለነዚህ ልጆች የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ከእነሱ አንዷ ነበርሁ። ሰኞ በሦስት ሰዓት አራተኛው ክፍል ነው። ሁለት ቀን አለኝ። ምን ላድርግ?

ፅጌ ማርያም


ማውን
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ

ፅጌ፣ ፈጥነሽ አንብቢው።

መስመሩን የሚበላብሽ ቅጠሉ የተሸከመው ውሃ ነው። ምሰሶ አርዝመሽ በላዩ አታልፊውም፤ ዛፉ ካንቺ ፈጥኖ ያድጋል። አስቆርጪውም አልልሽም፤ ሰውየው ለልጆቹ ያስቀመጠው ሀብቱ ነው። ዞረሽ እለፊው። አንቴናው ያንቺ ጣሪያ ላይ የግድ መሆን የለበትም። ከባሕር ዛፉ ማዶ፣ ማማው በግልጽ በሚታይበት በኩል፣ ምሰሶ ትከዪና እዚያ አውጪው። ከዚያ እስከ ቤትሽ ለውጭ የሚሆነውን ጥቁር የኔትወርክ ገመድ ዘርጊ፤ ለጥበቃ ካሜራ የሚሸጡት ነው፣ ባሕር ዳር አይጠፋም። አንቴናው መብራቱንም በዚያው ገመድ ይወስዳል። እስከ መቶ ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ግን አይሆንም፤ ለኪው። ገመዱን ቢያንስ ክንድ ያህል ቅበሪው፣ ከብት እንዳይረግጠው።

መሬቱ የገድሉ ነውና መጠየቅ አለብሽ። በወረቀት አትላኪ፤ ራስሽ ሂጂ፣ የሚናገርልሽ ሰው ይዘሽ።

ስለ የኔታ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔም ያን ጊዜ አዝዬሽ ስዞር አንዲት ቃል በእጄ ልነግርሽ አልሞከርሁም።

ክንዱ


ሰባታሚት
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ! ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ገዝቼ መጣሁ። ከእኛ ደጃፍ እስከ ባሕር ዛፉ ማዶ በእርምጃ ለካሁ፤ ስድሳ ሜትር ነው። የሚናገርልኝ ሰው ግን አጣሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ተስፋ ቆርጬ ከተማ ያሳተምሁትን የእርስዎን ደብዳቤ ለአባቴ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻ አነበቡት፤ ስለ እሳቸው የጻፉትን ጭምር። እሱን መቁረጥ ረስቼ ነበር። ጋቢያቸውን ለበሱና መቋሚያቸውን አነሡ።

ከተሰበሩ ወዲህ ከደጃፍ አልፈው አያውቁም። ክንዳቸውን ይዤ የገድሉ ግቢ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ገድሉ ከቤት ወጥቶ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላቸው። የተባባሉትን ቤት ስንመለስ አባቴ ጻፉልኝ፤ እንዲህ ነው።

«የኔታ፣ ምነው በዚህ ዝናብ? ልከውብኝ አልመጣም ነበር?»

«ልጄ ጉዳይ አላት። እኔ አፏ ሆኜ ነው የመጣሁ።»

«ባሕር ዛፌን ለማስቆረጥ ከሆነ...»

«የለም። ከማዶው አንድ ምሰሶ ትከልልኝ ነው የምትል። ገመድም በመሬትህ ታሳልፋለች።»

ገድሉ አገጩን አሸ። «ገመዱ ስንት ክንድ ነው? የድንች መደቤ ላይ እንዳይወጣ።»

ይህን አባቴ አላወቁትም። ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቱን ከኪሳቸው ሲያወጡት ዝናቡ አርሶት በእጃቸው ላይ ተበጣጠሰ። ከዚያ፣ ጋሽ ክንዱ፣ መቋሚያውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ስ። ን። ት። ክ። ን። ድ።

በገድሉ ፊት፣ በአደባባይ። ሁሉንም ሳድስ በትክክል አደረጉት።

«መቶ ሃያ» ብዬ በእጄ ፊደል መለስሁ። ሳይቸገሩ አነበቡኝና ለገድሉ ነገሩት። ሁለቱ ቀጥለው ሲነጋገሩ እኔ እዚያው ቆሜ አለቅስ ነበር፤ ዝናብ ስለሆነ አልታየብኝም።

ቤት ስንገባ «ከየት ተማሩት?» ብዬ ጻፍሁላቸው። እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «መጋረጃው ስስ ነው። ከሊድያ ጋር ፊደሉን ያወረድሽ ዕለት አየሁ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄድ የራሴው ፊደል ነው። እጅ ማወራጨት ይመስለኝ ነበር። ሥርዓት እንዳለው አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ለሥራሽ ስትዘጋጂ እያየሁ በብርድ ልብስ ሥር እለማመዳለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።»

እሑድ ገድሉ ራሱ ቆፍሮ ምሰሶውን ተከለ። ሰኞ በሦስት ሰዓት የመጣው ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ በመዳፌ እስኪሰማኝ ያንቀጠቅጠው ነበር። ክፍሉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ሳይነቃነቅ አለቀ!

መጋረጃውን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ልጅዎ ፅጌ ማርያም


ማውን
ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽን መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብሁት፤ ሞተሩን አጥፍቼ ደግሜ አነበብሁት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ምን ሆንህ?» ሲለኝ «አስተማሪዬ ተማሩ» አልሁት። አልገባውም።

ባትሪውን በቶሎ ግዢ። የራስሽን ቤት መብራት ማሸነፍ ይቻላል፤ ማማው ራሱ ከጠፋ ግን እኔም አንቺም የምናደርገው የለም። የቀረችሽ አንዲት ናት። እየጸለይሁ ነው፤ እኔ ደግሞ ከጸለይሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ክንዱ


ሰባታሚት
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ክንዱ፤

የዘመኑ መለወጫ በደስታ ይግባልዎ፤ እኛ ቤት ደስታው ቀድሞ ገብቷል። አለፍሁ!

የፈሩት አልቀረም። ሐምሌ 9 ቀን በአካባቢው ሁሉ መብራት ጠፍቶ ማማውም አብሮ ጠፋ። የእኔ ባትሪ ቢሠራም ሳጥኑ የሚያናግረው አጣ። ሦስተኛዬ እሱ ነበር። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ክፍል ያለ መጠባበቂያ አስተማርሁ። ሰኞ ይነጋል፣ ረቡዕ ይነጋል፣ ዓርብ ይነጋል፤ አንድም አልተቋረጠ።

አንዱን ቀን ልንገርዎ። ከቡሄ በኋላ በነበረው ዓርብ ከባድ ነፋስ ተነሣ። ምስሉ ሁለቴ ደረቀና ተመለሰ፤ በቃ አለቀልኝ አልሁ። ከዚያ በኋላ ግን ምስሉ ረጋ፣ ክፍሉም በደኅና አለቀ። ስወጣ ገድሉን አየሁት። ራሱ ላይ ፌስታል አጥልቆ፣ ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። ነፋሱ ሲያወዛውዘው አይቶ ነው የሮጠው። አርባ ደቂቃ ሙሉ! ጨረስሁ ብዬ ባሳየው ጊዜ ፈገግ አለና በእጁ «ደኅና ነሽ?» አለኝ። አባቴ ናቸው ያስተማሩት። በተሳሳተ እጅ ነው ያደረገው፤ አላረምሁትም።

ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ አሁን ለሰው ስመልስ እንዲህ እላለሁ። ያዋጣል፤ ግን ሳጥኑን ገዝቶ የሚቀመጥ ሰው ያፍራል። ማታ ማታ ዛሬም ይዘገያል፣ እርስዎ እንዳሉት። ማማውን በዓይንህ ካላየኸው አትትከለው፣ በዝናብ ሳትለካው አትመነው፣ ባትሪ ሳትይዝ አትጀምር እላለሁ። በሰፈራችን አራት ቤት አስገብቷል፤ ሁሉም መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጥተው ጠየቁ። ጆሮ የሌላት የኢንተርኔት አማካሪ ሆነችልዎ!

ማኅበሩ ከመስከረም ጀምሮ የአንድ ዓመት ውል ሰጥቶኛል፤ ሌሎች አሥራ ሁለት ቤተሰቦችም ይጨመራሉ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ለወላጆቹ የፊደሉን ዘር ያስጠናሉ። ወላጆቹ የኔታ ይሏቸዋል፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይፈራሉ። ለእርስዎ የላኩትን መልእክት እንዳለ ልጻፈው፦ «ክንዱ፣ ዜማውን ጥለህ ወደ ሽቦው ስትሄድ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ተመርቀሃል። መጥተህ እይ።»

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ክፍል ይስሙልኝ። እንፍራንዝ ባንቺአየሁ የምትባል እናት አለች፤ ልጇ ኪዲ ስድስት ዓመቷ ነው። ከመጨረሻው ክፍል በፊት ሐሙስ ጠዋት ኪዲ ጉንጯን ይዛ እያለቀሰች ተነሣች። እናትየው እንደ ወትሮዋ ጆሮዋ ነው ብላ ዘይት ልታሞቅ ተነሣች። ልጅቷ እጇን ያዘችና አስቆመቻት። ከዚያ በትናንሽ እጆቿ፦ «ጆሮ አይደለም። ጥርስ።»

ባንቺአየሁ ስትነግረን እንዲህ አለች፦ «ስድስት ዓመት ሙሉ ስታለቅስ ስገምት ኖርሁ። 'የትኛው?' ብዬ በእጄ ጠየቅኋት። አፏን ከፍታ አሳየችኝ።»

ጤና ጣቢያ ወስዳ አስነቀለቻት። ዓርብ ገና ክፍሉ ሲከፈት ልጅቷን አንሥታ አፏን ስልኩ ላይ አስጠጋችው። በእኔ ስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር የታየው የአንዲት ልጅ ድድና መካከሉ ላይ ያለ ቀይ ክፍተት ነበር። ኪዲ ራሷ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ «ወጣ!» አለች፤ ማንም ሳይረዳት።

እኛ ስናጨበጭብ ሁለት እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን እናወዛውዛለን። አሥራ ስምንቱም ቤት እጁን አነሣ፤ አባትም፣ እናትም፣ ልጅም። አባቴም አጠገቤ ሁለቱንም እጆቻቸውን አነሡ። ውጭ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ከዚያ ሁሉ እጅ አንድም አልተቆራረጠ።

ልጅዎ ፅጌ ማርያም ዓምደ ሚካኤል